ምስር በከበሮው ላይ

ባሻ ሀብተ ሩፋኤል ጠዋት ጠዋት ከበሮውን ተሸክሞ የሰቀላ ግንብ ከተማን ቅጥር ይዞራል። ከበሮውን መሬት ላይ አቁሞ ቆዳው ላይ አንድ ጭብጥ ምስር ይበትንና ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያያል። ጠላት ከግንቡ ሥር ጉድጓድ እየማሰ ከሆነ ምስሩ ይዘላል። ከተማዋ ከተከበበች አራተኛ ወሯ ነው፤ ምስሩ ግን አንድ ቀን እንኳ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም ነበር።

በሚካኤል ማግስት፣ ከምሥራቁ ማዕዘን ሥር፣ ምስሩ ዘለለ።

«አይጥ ነው» አሉት የከተማዋ ገዥ ደጃች ምናሴ።

«ጌታዬ፣ አይጥ ምስር ይበላል እንጂ አያስዘልልም።»

«አንተ ደግሞ አበዛኸው! እነዚህ ፈሪዎች መሰላል እንኳ ያላቆሙ ምን ብለው መሬት ይቆፍራሉ?»

እርግጥ ጠላት መሰላል አላቆመም። በመጀመሪያው ቀን አዋጅ ነጋሪ ልኮ «ከተማውን ለቃችሁ ውጡ!» አሰኘ፤ ሕዝቡም ግንቡ ላይ ወጥቶ እስከ ዘር ማንዘሩ ሰደበው፤ ሀብተ ሩፋኤልም ጉሮሮው እስኪሰለል አብሮ ተሳደበ። ከዚያ ወዲህ ጠላት አንድ ጥይት አልተኮሰም። በከተማዋ ዙሪያና በየበሮቹ ደጃፍ ድንጋይ ሲክብ ይውላል። ደጃች ምናሴ ይህን እያዩ «ወጥተን እንዳንፈጃቸው ፈርተው ነው» እያሉ ይስቃሉ።

መጀመሪያ በዘለለ በሦስተኛው ቀን ምስሩ ከግንቡ ርቆ ቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር ዘለለ፤ በማግስቱ ደግሞ ውኃ ጉድጓዱ አጠገብ። ከመሬቱ ውስጥ የእርጥብ አፈርና የከረመ ሥጋ ሽታ ይወጣል፤ ጆሮውን ሲያስጠጋም የሚሰማው የዶማ ድምፅ ሳይሆን እንደ ማኘክ ያለ፣ ለስላሳና የማይቸኩል ነገር ነበር። ምስሩ በዘለለበት ሁሉ አንድ ቤት ባዶውን ይገኛል፤ በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ፣ ጋቢው መደቡ ላይ እንደተዘረጋ፣ የወለሉ አፈር ግን ገና እንደታረሰ ማሳ ለስልሶ።

«ከድተው ሄደዋል» አሉ ደጃች።

«ከውስጥ በተቀረቀረ በር በየት በኩል ይሄዳሉ?» ብሎ ጮኸ።

«አፍህን ዝጋ!» ተባለ። ይህን ሁሉ ቀን ለግድግዳ ቢነግረው ይሻለው ነበር።

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ምስሩ በራሱ ደጃፍ ዘለለ። ቤት ውስጥ ያለችው ከእናቷ ሞት በኋላ የቀረችለት አንዲት ልጁ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ወለተ ራጉኤል ናት። ከበሮውን ጥሎ ልጁን አዝሎ ወደ ምዕራቡ በር ሮጠ። ከሃዲ ይበሉኝ፣ ልጄ ምርኮኛም ሆና ትኑር ብሎ ቆርጧል።

በር ጠባቂዎቹ የሉም። የማረፊያቸው ወለል ለስልሷል። መቀርቀሪያውን ብቻውን እያቃሰተ አንስቶ በሩን ወደ ውስጥ ሲስበው፣ ፊት ለፊቱ ከቁመቱ በላይ የተካበ ድንጋይ ገጠመው፤ አንዲት የራስ ቅል የምታህል ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። በቀዳዳዋ ሲያይ አንድ ሽበታም የጠላት ወታደር መሬት ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ከበሮ ቆሟል፤ ከበሮው ላይ ምስር አለ።

«እጄን ሰጥቻለሁ! እኔን ተወኝ፣ ልጄን ብቻ ተቀበለኝ!»

ሽማግሌው ምስሩን አየ፤ ልጅቷን አየ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የእኛንም አገር የበላው እንዲሁ በምስር ነው የጀመረው፤ አንዴ ከገባ የሚወጣውን ሰው ተከትሎ ይወጣል፤ ያን ቀን ውጡ ስንላችሁ እኮ ሰደባችሁን፣ ወንድሜ» አለና የመጨረሻዋን ድንጋይ አንስቶ ቀስ ብሎ ቀዳዳው ላይ ገጠማት።