የሐረገ ሬሳ ሁለት ምስክሮች

በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. በኅዳር ወር አጋማሽ የአቃቂ ወንዝ ከክረምት ሙላቱ ጎድሎ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው በስተኋላ ያሉት አጥሮችም ከሥር እስከ ጫፍ ሐረግ ለብሰው ነበር። ከፋብሪካ የሚወጣው ሠራተኛ በአጠገባቸው ሲያልፍ ዞሮ አያያቸውም። በዚያ ማክሰኞ ግን አንዲት ቀጭን ወጣት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ከአንዱ አጥር ሥር ብዙ ቆመች፤ በሩን ለማንኳኳት ሦስት ጊዜ እጇን አንሥታ ሦስት ጊዜ መለሰች።

ሥርጉት በዛብህ ትባላለች፤ ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በዓመቷ መዝገበ ቃላት በሚያዘጋጅ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቃል ሰብሳቢ ሆና ተቀጥራለች። የደረሳት የ«ሐ» ክፍል ነው። «ሐረግ» የሚለው ቃል አላስቸገራትም፤ የዝግጅቱ የበላይ መሪጌታ ሰይፈሥላሴ መነጽራቸውን እንኳ ሳያነሡ «ግእዝ ነው፤ ሌላውን ተደግፎ የሚወጣ ተክል፤ የወይን ሐረግ። መጽሐፍ ይመሰክራል» ብለው በአንድ ትንፋሽ አሳልፈውታል። ሐረገ ሬሳ ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ቆመ። ይህች በየአጥሩ የምትሳብ፣ ምች የመታው ሰው ቅጠሏን አፍልቶ የሚታጠናት ተክል ስለ ምን በሬሳ ተጠራች? መጽሐፍ አልተገኘም፤ መጽሐፍ ለሌለው ቃል ደግሞ የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ ቃላቸው የተባበረ ሁለት ሽማግሌዎች ይመስክሩ፤ አለዚያ ምንጩ አይጻፍ።

«አጥሬን ልትገዢው ነው እንዴ፣ ልጄ?»

ዞር ስትል ዕድሜያቸውን ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩት ጡረተኛው አቶ ሶሬሳ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሥርጉት ፊቷ ቀልቶ የመጣችበትን ነገረቻቸው።

«ይቺ? በኦሮምኛ ሂዳ ሬፋ ናት፤ የሬሳ ሐረግ ማለት ነው። ድሮ እዚህ ገመድ እንደ ልብ አልነበረም፤ የሞተው በሰሌን ተጠቅልሎ በዚች ታስሮ ነው ቃሬዛ ላይ የሚወጣው። አያቴ እንዲያ ነው የተቀበሩት።»

ቃል በቃል ጻፈች፤ ከዚያም ማንንም ሳታስፈቅድ «አባባ፣ መጽሐፉ ሲታተም ‹አቶ ሶሬሳ እንደ መሰከሩት› ይላል» አለች።

ሽማግሌው ሳቁ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ስሠራ ስሜ የተጻፈው የቅጣት ደብዳቤ ላይ ብቻ ነበር። ጻፊው፤ ጻፊው!»

«ሁለተኛ ምስክር ያስፈልገኛል።»

«እኩዮቼ አልቀዋል፤ የቀረችኝ ሚስቴ ናት። የሺሐረግ! ነይማ፣ መንግሥት ይፈልግሻል!»

ወይዘሮ የሺሐረግ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ፤ የተጻፈው ሲነበብላቸውም ወገባቸውን ያዙ። «ስሜ የሺሐረግ ሆኖ ስለ ሐረግ እሱን ትጠይቂያለሽ? ውሸት ነው! እንዲያ የተባለችው ሬሳ የመሰለውን በሽተኛ ስለምታስነሣ ነው። ይኸው፣ ይኼን ሰውዬ ምች ጥሎት ጎረቤት ሊገንዘው ሲመጣ በሷ አጥኜ አስነሣሁት።»

«ብሞትስ ኖሮ በምን ልታስሪኝ ነበር?»

«በምላስህ!»

«እማማ፣» አለች ሥርጉት በልመና ድምፅ፣ «አንድ ቃል ብትሆኑልኝ…»

«አርባ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቃል ሆነን አናውቅም፤ ለመንግሥት ተብሎ ነው ዛሬ?»

ሥርጉት ሁለቱን ቃል በሁለት ካርድ ጽፋ ተመለሰች። በአውቶቡስ ውስጥ የባለቤቲቱን ካርድ አስቀርታ ሌላ ምስክር ብትፈልግ እንደሚሻል ዐሰበች፤ የሰማችውን መደበቅ ግን አልሆነላትም፤ ሁለቱንም አስረከበች።

ዐርብ በተደረገው ጉባኤ መሪጌታ ካርዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቧቸው። «ባልና ሚስቱ ተጣልተዋል» አሉ በሐዘኔታ። «የተጣላ ምስክር ምስክር አይሆንም፣ ልጄ።»

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ የሺዋስ ሰዓታቸውን አዩ። «ጓዶች፣ ማተሚያ ቤቱ ይጠብቀናል፤ በአንዲት የአጥር ቅጠል ይኼን ያህል አንቆይ። ጓድ ሥርጉት፣ የሚጨመር አለሽ?»

ነበራት። ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅታዋለች፤ ሁለቱም የሬሳ ሐረግ መሆኗን አልካዱም፤ ያጣላቸው ምክንያቱ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ታሪክ አከታትሎ ማተም የሚያስፈልገው አራት መስመር ነው። ዐሥራ አንድ ሰው ዞሮ አያት።

«የለኝም» አለች።

ከጉባኤው ወጥታ ደረጃው ላይ ስትደርስ ንግግሩ አንድም ቃል ሳይጎድል መጣላት፤ ለግድግዳው ተናገረችው። የተናደደችው በመሪጌታ አልነበረም፤ በገዛ ጉሮሮዋ ነበር።

መጽሐፉ በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ታተመ። ሥርጉት አንድ ቅጂ ይዛ አቃቂ ወረደች፤ ገጹን ገልጣ ለአቶ ሶሬሳ ሰጠቻቸው፤ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ አነበቡ፦ «ሐረገ ሬሳ፦ የሐረግ ዓይነት።» ደግመው አነበቡ፤ ገጹን ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?»

«አልገባም፣ አባባ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወደ ቤቱ ውስጥ ሰረቅ አድርገው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሷ ያለችውስ ገባ?»

«እሱም አልገባም።»

«እንግዲያው ደግ ነው» አሉና መጽሐፉን መለሱላት።

ሥርጉት ግን በዚያ ቃል አልተጽናናችም። ካርዶቹ ከመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ወጥተው የት እንደ ደረሱ የሚያውቅ የለም፤ ከሁለቱ ምስክሮች የትኛው እውነቱን እንደ ተናገረም ሊረጋገጥ አልቻለም። ዛሬ መዝገቡን የሚገልጥ ሰው የሚያገኘው ያንኑ አንድ መስመር ነው፤ በዚያ መስመር ውስጥ ባልና ሚስቱ መጣላታቸው እንኳ የለም። ቃሉ በመዝገቡ ገብቷል፤ ያወቁት ሰዎች ግን ባለመስማማታቸው ቀርተዋል፤ እነሱን አንድ ላይ ያየቻቸው ብቸኛ ሰውም በተጠየቀች ጊዜ «የለኝም» ብላለች።