ሁለት ድምፅ ያነበበው ወረቀት

የባሕር ዳሩን ቤቴን ያስለቀቀኝ የገዛ ታላቅ ወንድሜ አየነው ነው። ለአከራያችን ደውሎ «ታፈረና ደረጀ እንደ ባልና ሚስት ነው የሚኖሩት» አላት፣ እውነቱን ነው፣ ስድስት ዓመት ኖረናል፣ ግን የእሱ ጉዳይ አልነበረም። ሴትዮዋ በሦስተኛው ቀን አስወጣችን። ደረጀ ሥራ ፍለጋ መተማ ወረደ፣ እኔ እናቷ የሞተችባትን የዘጠኝ ዓመት ልጄን ብርቄን ይዤ ስማዳ፣ ከወገዳ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ የሟች አባቴ ቤት ገባሁ።

ወዳጄ፣ መንፈስ፣ ጥላ ምናምን የሚሉትን ወሬ በሕይወቴ አምኜ አላውቅም፣ «ይለቅሃል» ብለው ጠበል ሲወስዱኝ እንኳ ውኃው ይቀዘቅዛል ከማለት በቀር ያልኩት የለም፣ ስለዚህ የምነግርህን የሰካራም ወሬ አታድርግብኝ።

ሰው ሁሉ «ሐይቁ ናፈቀህ?» ይለኛል። ሐይቁ ምን ያደርግልኛል፣ እኔ የሚናፍቀኝ የግቢያችን የቆርቆሮ በር ነው። ሲከፈት ሲሚንቶውን እየፋቀ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይሰድበናል። ደረጀ በሠላሳ አራት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረኝ በዚያ በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በጠመኔ እየጻፈ ነው፣ ስሳሳት ከኋላዬ ቆሞ «ቀስ በል፣ ከላይ ጀምር» ይለኛል፣ ብርቄ ቀድማኝ ታነብና ትስቅብኛለች። የነጠቁኝ ይህን ነው።

አየነው በዚህም አልጠገበ። «ልጅቱን እኔ ላሳድጋት» ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ እዚያው መንደር እሱ ቤት ተቀመጥን፣ ሦስት ሽማግሎችና መሪጌታ ልሳኑ መደብ ላይ፣ እኔና ብርቄ ከግድግዳው ራቅ ብለን በርጩማ ላይ።

ገና ቁጭ ከማለታችን ያ በር ጮኸ። እመነኝ፣ በዚያ መንደር አንድም የቆርቆሮ በር የለም፣ አጥሩ ሁሉ እሾህ ነው። ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ። ቀጥሎ የነጠላ ጫማ ኮቴ መጣ፣ ጠፍ ጠፍ እያለ፣ ከኋላዬ ሲደርስ ቆመ፣ ዞር አልኩ፣ ግድግዳ ነው።

አየነው ወረቀትና የጣት ቀለም አወጣ።

«ያው የእርቅ ወረቀት ነው፣ ጣትህን አሳርፍና ጠላችንን እንጠጣ።»

«ላንብበው።»

«አንተ? ሀን ከለ የማትለየው?» ሽማግሎቹ ሳቁ።

ተቀበልኩት፣ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። «እኔ ታፈረ ከወንድ ጋር በነውር መኖሬን አምኜ» ይላል፣ ሳቁ ቆመ። የሚቀጥለው መስመር ላይ ተደናቀፍኩ፣ ያኔ ከኋላዬ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ቀስ በል፣ ከላይ ጀምር»። ከላይ ጀመርኩ፣ ድምፁም አብሮኝ ጀመረ፣ ግማሽ ቃል እየቀደመኝ፣ «ልጄን ብርቄን በፈቃዴ ለወንድሜ ሰጥቻለሁ፣ ዳግም እንዳልጠይቃትም ምያለሁ» እስከሚለው ድረስ።

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። አብሮህ የሚያነበው ማነው?»

«ማንም የለም፣ የኔታ» አለ አየነው፣ ከንፈሩ ደርቆ።

«አንተን አልጠየቅሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ሳስነብብ የኖርሁ ሰው አንድ ድምፅና ሁለት ድምፅ አይጠፋኝም።»

«ጋሼ ደረጀ ነው» አለች ብርቄ፣ ውኃ ቀዳሁ እንደማለት ቀለል አድርጋ።

ተነሣሁ። «የመጀመሪያው ‹ነውር› የምትለዋን አውጡልኝ እንጂ እውነት ነው፣ አልክድም። ሁለተኛው ውሸት ነው። ልጄን አልሰጠሁም፣ አልሰጥምም።»

መሪጌታ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉ። «ስለ ኑሮህ የማስበውን ታውቃለህ» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ እርስዎም እንደማልለውጠው ያውቃሉ።»

«ሰውን አያነብም ብሎ በወረቀት ማሰር ግን ሌብነት ነው» አሉና ወረቀቱን ቀደዱት። ሲወጡ ከበርጩማዬ ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ አልረገጡትም፣ ዞረውት ነው ያለፉት፣ ሦስቱም ሽማግሎች ተከትለው እንደዚያው።

በዚያው ቀን ደረጀ ጋ ደወልኩ። ሞቶ ቢሆን መንፈሱ ነው ብዬ አለቅስና ይወጣልኝ ነበር። ሰውዬው በሕይወት አለ፣ በዚያ ሰዓት ሰሊጥ ይጭን ነበር፣ ሳቀብኝ። ታዲያ የእሱን ድምፅ ይዞ የመጣው ማን ነው? ምን ፈልጎ? ከዚያ ወዲህ ጮክ ብዬ አላነብም፣ አብሮኝ የሚጀምር እንዳይኖር።

የሽማግሎቹን ውሳኔ ጽፈው ሲያመጡልኝም ከንፈሬን ገጥሜ ነው ያነበብኩት፣ ብርቄ ከአባቷ ጋር ትኑር ይላል፣ የፈረምነው ግንቦት 21 ቀን ነው።