በዋንዛው ላይ የቀረው ስም

ከመሬት በታች በተሠራችው ጉድባ ከተማ ውስጥ የሹም ጠረጴዛ፣ ያ ሹሙ ሥራውን የሚያዝበት ማሽን፣ ስም ካላየ አይሠራም። የውኃው ጠረጴዛም እንደዚያው ነው፤ የሹሙ ስም የተቃጠለበት እንጨት ካልተቀመጠበት አንዲት ጠብታ አይለቅም። እንጨት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአንዱ መልክ ከሌላው ስለማይገጥም ሌባ አስመስሎ ሊሠራው አይችልም። ከመሬት በታች ደግሞ ዛፍ አይበቅልም። ስለዚህ ሹም ሲሞት ስሙ በመላጊያ ይነሣና በዚያው እንጨት ላይ የተተኪው ይጻፋል።

ይህን የምትሠራው አስካለ ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ መቆም ሰልችቷታል። የሌዘር መቁረጫውን፣ ያን እንጨት በጨረር የሚቆርጥና የሚጽፍ ማሽን፣ ፋኖስ ትለዋለች። ጠዋት ጠዋት ዓይኑን በጨርቅ ትጠርግለታለች። ካልጠረገችለት ሲነጫነጭ ይውላል።

ዛሬ የመጣው የመንበሩ የዋንዛ እንጨት ነው፤ መንበሩ ትናንት የተቀበረው የውኃው ሹም ነው። የምትተካው ምንታምር እጇን አጣጥፋ በሩ ሥር ቆማለች። የማምሻው ደወል ከመደወሉ በፊት ጠረጴዛው ስም ካላገኘ ሥራው ለራስ-ገዙ ያልፋል። ራስ-ገዝ የሚሉት ያለ ሰው የሚያስተዳድረውን ማሽን ነው። እሱ ሒሳቡን አስቀድሞ ተናግሯል፦ ጡረተኛ አይሠራም፣ ለማይሠራ ውኃ የለም። ጡረተኞቹ ያሉት ታችኛው ሰፈር ነው። የአስካለ እናትም እዚያው አልጋ ይዛለች።

አስካለ ዋንዛውን ላገችና ከፋኖስ ሥር አስገባችው።

«ባዶ አይደለም» አለ ፋኖስ።

«ምን አልክ?»

«እንጨቱ ላይ ሰው አለ፣ እትዬ አስካለ።»

«ዓይንህ ቆሽሾ ነው።»

«ጠዋት ጠርገሽልኛል።»

አወጣችው። ደግማ ላገችው። የመንበሩ አባት ስም ተነሥቷል፤ መንበሩ የሚለው ግን ጠቁሮ እመሐሉ ላይ ቀርቷል። ያኔ የጻፈው ሰው ጨረሩን አለቅጥ አጥልቆታል። ከዚህ በላይ ቢነካ እንጨቱ ይሰበራል፤ ሌላ ዋንዛ ደግሞ የለም።

«ከጎኑ እንጽፋለን» አለች። «ምንታምር ማን ልበል?»

«ምንታምር ብቻ።»

አስካለ ቀና ብላ አየቻት። «የመስታወት ልጅ ነሽ እንዴ?»

«አዎ።»

በመቅሠፍቱ ዘመን ልጆች በውኃ በተሞላ የመስታወት ማሕፀን ያድጉ ነበር። አባት የላቸውም፤ ስማቸውም አንድ ነው።

«እንግዲህ ጉድ ፈላ» አለች አስካለ። «ያ ጠረጴዛ የድሮ ሰዎች ሥራ ነው። የማን ልጅ ነሽ ሳይል አያስገባም።»

«አንድ ስም ፈጥረሽ ጻፊልኝ።»

«ይቆለፋል። የማያውቀውን የአባት ስም አይቀበልም።»

አስካለ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷን አሸች።

«ይቅር በቃ፣ እትዬ» አለች ምንታምር። «ደክሞሻል።»

«ደክሞኛል። ደክሞኛል ማለት ግን ትቻለሁ ማለት አይደለም። ዝም በይ እስቲ።»

እንጨቱን ወደ መብራቱ አዞረችው። ከመንበሩ ስም ፊት ባዶ ቦታ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ለአንድ ስም ይበቃል። ትንሽ አየችውና መልሳ ከፋኖስ ሥር አስገባችው።

«ያለውን ሰውዬ ተወው። ከፊቱ ምንታምር ብለህ ጻፍ።»

«ኧረ አባቴ አይደለም!» አለች ምንታምር። «አንድ ቀን እንኳ አነጋግሮኝ አያውቅም።»

«ያ ያደግሽበት መስታወት በምን ተሞልቶ ነበር?»

«በውኃ ነዋ።»

«ማነው የለቀቀው?»

ምንታምር ያጣጠፈችውን እጇን ፈታች።

«አጠጥቶ ካሳደገ ወዲያ ምን አባት አለ? ጠረጴዛውም ያውቀዋል። ጻፍ አንተ፣ ምን ታያለህ!»

የዋንዛ ጭስ ሸተተ። ምንታምር እንጨቱን እንደ ትኩስ ዳቦ ከእጅ እጅ እያቀያየረች ሮጠች። አስካለ መሮጥ ስላልቻለች ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ካለው ቧንቧ ጋር ለጥፋ ጠበቀች። ቧንቧው ወደ ታችኛው ሰፈር የሚወርደው ነው።

ደወሉ ተደወለ። ቧንቧው ዝም አለ።

«እማዬን ምን እላታለሁ?» አለች ለራሷ።

ከዚያ ቧንቧው አንዴ አሳለው። ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ውኃው እየተንደቀደቀ ወረደ።

አስካለ እልል አላለችም። እልልታም አቅም ይጠይቃል። በርጩማዋ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ጭስ ሸተታት። ብትገልጥ ፋኖስ ማንም ሳያዘው እየጻፈ ነው።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ስንጣሪ ነው፣ ትጥዪው የለ?»

አነሣችው። ከዋንዛው ላይ የተነሣች ቀጭን ስንጣሪ ናት፤ ጽሑፉ ተጠጋግቶ ነው የገባው፦ ፋኖስ አስካለ።

«አጠጥቶ ካሳደገ አላልሽም?» አለ ፋኖስ። «እኔ ውኃ አልጠጣም። ግን ዓይኔን የሚጠርግልኝ ማነው?»

አስካለ ስንጣሪዋን ብዙ አየቻት። በሕይወቷ ሙሉ የሰው ስም ስትጽፍ የራሷን ስም በእንጨት ላይ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እንጨት አባካኝ» አለችው።

ስንጣሪዋን ግን ጠረጴዛዋ ላይ አቆመቻት። ከዚያ፣ ጠዋት ባይሆንም፣ ጨርቁን አነሣች።