ከደሙ በላይ የተኛው ዓሣ

ኦርቪል ስቴንበርግ በሕይወት ሳለ ጎጆው ውስጥ ሰው ሲገባበት አይወድም ነበር። ዛሬ ግን የራስ ቅሉ እንደ ሐብሐብ ተፈልጦ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። የፈለገ ይገባል፣ የፈለገ ይወጣል፤ እሱ እቴ! ዝም።

የሸሪፉ መርማሪ ቨርና ሊንዳል ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የሱፍ ፍሬ ትፈለቅቃለች። አጭር፣ ክብ፣ ወደ ስልሳው የተጠጋች ሴት ናት፤ ሹራብ በሹራብ ላይ ስለምትደርብ ከሩቅ ያያት የምትንከባለል ይመስለዋል። ፍሬው ወደ አፏ፣ ቅርፊቱ ወደ ኪሷ። ዓይኗ ግን ሥራ ላይ ነው።

ጎጆው በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ የቆመ የእንጨት ሣጥን ነው። ወለሉ ላይ ሁለት ቀዳዳ ተፈልፍሏል፤ በየቀዳዳው አፍ ላይ ደግሞ አንድ አንድ «አፈፍ» ቆሟል። አፈፍ ማለት ሰነፍ ዓሣ አጥማጅ ያመሰገነው መሣሪያ ነው። ዘንጉን እንደ ቀስት ጎንበስ ታደርግና ቃታው ላይ ታስረዋለህ። ዓሣው ጎተት ሲያደርገው ቃታው ይለቃል፣ ዘንጉ ላጥ ብሎ ይነሣል፣ መንጠቆውም መንጋጋው ውስጥ ስንቅር ይላል። አንተ ቢራህን ትጠጣለህ።

ሁለቱም አፈፎች እንደተጠመዱ ናቸው። ደሙ ግድግዳውን፣ ምድጃውን፣ ጣሪያውን ሳይቀር ረጭቷል። በረዶ የሚፈለጥበት ከባድ ብረት ጥግ ላይ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ፀጉር ከነቆዳው ተጣብቋል። ከበሩ ራቅ ባለው ቀዳዳ አጠገብ፣ በረጋው ደም ላይ፣ አንድ ትልቅ ፓይክ የሚባል ዓሣ በጎኑ ተጋድሟል። ቨርና በጣቷ ገለበጠችው። ከሥር የዋለው ጎኑ ቀይ፣ ከላይ የዋለው ጎኑ ንጹሕ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አላረፈችበትም።

«እንዴ!» አለች ለራሷ።

ክሮቹን ተራ በተራ ሳበቻቸው። በበሩ በኩል ባለው መንጠቆ ላይ ትንሿ ማጥመጃ ዓሣ በከንፈሯ ተሰክታለች። በወዲያኛው ላይ ግን የተሰካችው ከጭራዋ ጠጋ ብሎ ነው፤ ገና ትወራጫለች። በዚያኛው አፈፍ ቃታ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት የሚያህል የደም አሻራ ደርቋል።

ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የጥድ እንጨት አየች። ኦርቪል ካልሲ አስጥቶበታል። ጫፉ ላይ ቀይ ባለ ዳማ ጨርቅ በጥብቅ ታስሯል። ካልሲ ለማስጣት ጨርቅ ምን ያደርጋል?

ከውጭ የአውሬ የሚመስል ጩኸት ተነሣ።

የሟቹ ልጅ ትሮይ አጎቱን ኤይናርን በረዶው ላይ ጥሎ ደረቱ ላይ ተቀምጦበታል። በጡጫ ይወቅጠዋል። የሽማግሌው ጥርስ በረዶው ላይ ተበትኗል። ዙሪያውን የቆሙት አጥማጆች የዚያኑ ዓይነት የበረዶ መፍለጫ ብረት በየእጃቸው ይዘዋል፤ ማንም፣ ከኋላ የቆመው ጎረቤት ድዋይትም ቢሆን፣ ለመገላገል አልቸኮለም።

«ቀዳዳውን አስፉና ክተቱት!» አለ አንዱ። «ወንድሙን የገደለ ምን ፍርድ ቤት ያስፈልገዋል?»

ሸሪፍ ግሌን እጁን ኪሱ ከትቶ ያያል።

«ግሌን! ሸሪፍ ነህ ወይስ ተመልካች?» ቨርና ጮኸች። «አላቅቀው እንጂ!»

ሸሪፉ እያጉረመረመ ትሮይን በአንገቱ ጎትቶ አነሣው። «ቨርና፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ትናንት መጠጥ ቤት ውስጥ ተደባድበዋል። ኮቱ ላይ ደም አለ። ወደ ከተማ ልወስደው ነው።»

«በነዚህ ሰዎች መሐል? ሐይቁ ዳር ሳትደርስ ሬሳ ነው የምትጭነው። ቆይ፣ ሦስት ሰው ላናግር።»

«ቶሎ በይ። ብዙ አልይዛቸውም።»

ኤይናርን መኪናዋ ውስጥ አስገብታ በሩን ቆለፈችበት። አፉን በኮቱ እጅጌ ይዟል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በአፈፍ ነዋ!» በፈረሰ አፉም ቢሆን ተቆጣ። «ዓሣ የሚይዘው የሰው እጅ ነው እንጂ ሽቦ አይደለም አልኩት። ‹እጅህ ስለተንቀጠቀጠ ነው የምትቀናው፣ ሽማግሌ› ብሎ አፍንጫዬን አፈረሰው። ኮቴ ላይ ያለው ደም የራሴ ነው።»

«አንተ አፈፍ አጥምደህ ታውቃለህ?»

«ከምነካው እጄ ይቆረጥ!»

«ዝም በል፣ ሰምተው እንዳይቆርጡልህ» አለችና ወረደች።

ትሮይ ጎጆው ገብቶ ነበር። የአባቱ ሬሳ ሳይነሣ እሱ በበሩ በኩል ያለውን መንጠቆ ይዟል። ቨርና በሩ ላይ ቆማ አየችው። ጉልበተኛ፣ ቀይ፣ ጡጫው የተላጠ ጎረምሳ። ትንሿን ዓሣ በከንፈሯ ሰክቶ ውኃ ውስጥ ለቀቃት፣ ዘንጉን አጎንብሶ ቃታው ላይ አሰረ።

«ዛሬም ታጠምዳለህ?»

«እጄ ሥራ ካልያዘ አጎቴን ይገድለዋል፣ እትዬ ቨርና።»

«ሁሌ በከንፈሯ ነው የምትሰካት?»

«አባቴ እንዲህ ነው የሚሰካው። አንድ ቀን በሌላ ቦታ ስሰካ አየኝና ይህቺን ሰበራት።» የተጣመመች ትንሽ ጣቱን አሳያት። «በዘንጉ እጀታ።»

«እና ትወደው ነበር?»

«አባቴ ነዋ!» አለ፣ የሞኝ ጥያቄ የጠየቀችው ይመስል። ከዚያ እንባው መጣ፤ ቨርናም ወጣች።

ሬሳውን ያገኘው ጎረቤቱ ድዋይት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። ጎጆው ሞቅ ያለች ናት፤ የመስኮቷ መጋረጃ ቀይ ባለ ዳማ ነው፤ ከምድጃው በላይ የልጅ ቆብ ተሰቅሏል። የኮሪ ቆብ። አምና ክረምት ይህ የድዋይት ልጅ ቀጭን በረዶ ላይ ረግጦ ሰመጠ፤ ከውኃው ካወጡት ሰዎች አንዷ ቨርና ነበረች። ቆቡን ላለማየት ወንበሩ ላይ ጎን ሰጥታ ተቀመጠች።

«በሩን ከፈትኩ፣ አየሁት፣ ጮህኩ» አለ ድዋይት። «እግሬን እንኳ አላስገባሁም። ልቤ አልቻለም።»

«ኤይናርን አየኸው?»

«ኮቱን ደም ነክቶት በዚህ ሲያልፍ አየሁት። እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ፣ ቨርና፣ ወንድማማቾች...»

ከድዋይት እግር ሥር ያለው አፈፍ ላጥ አለ። ድዋይት ንግግሩን አላቋረጠም። «...ከልጅነታቸው ጀምሮ አይስማሙም» እያለ ዓሣውን ሳበ፣ መንጠቆውን አላቀቀ፣ ዓሣውን ከጎኑ ጣለ፤ ባዶ እጁን ባልዲው ውስጥ ከትቶ ትንሿን ዓሣ ያዘ፣ ከጭራዋ ጠጋ አድርጎ ሰካት፣ ዘንጉን አጎነበሰ፣ ቃታውን አሰረ። «እናታቸውም ታውቅ ነበር» ብሎ ጨረሰ። እጁን አንዴም አላየውም።

«ለምን ከጭራዋ?» አለች ቨርና።

«ምኑ?»

«ትንሿ ዓሣ።»

«እ... እንደዚያ ስትሰካ ብዙ ትወራጫለች።» ፈገግ አለ። «አንቺ ደግሞ፣ በዚህ ሰዓት ዓሣ ማጥመድ ልትማሪ ነው?»

ቨርና የሱፍ ፍሬዋን ወደ ኪሷ መለሰች።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሁሉንም በኦርቪል ጎጆ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ትሮይ በአንድ ጥግ፣ ኤይናር በሸሪፉ ተይዞ በሌላው ጥግ፣ ድዋይት በበሩ በኩል። ከውጭ አጥማጆቹ በረዶውን በብረት ይጎስማሉ።

«ይህን ዓሣ እዩት» አለች። «ከሥሩ ደም አለ፤ ከላዩ የለም። ኦርቪል ሲመታ ደሙ ጣሪያ ደርሷል። ዓሣው ያኔ እዚህ ተኝቶ ቢሆን ይረጭበት ነበር። ስለዚህ የወጣው ከግድያው በኋላ ነው። ጭንቅላቱ የተፈለጠ ሰው ደግሞ ዓሣ አያላቅቅም።»

«ማን አወጣው ታዲያ?» አለ ትሮይ።

«ገዳዩ። ሲመታው አፈፉ ላጥ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር። ይሄኛው ግን ዓሣውን አላቀቀና አፈፉን መልሶ አጠመደው። እጁ አላስቻለውም።»

ሸሪፉ ሳቀ። «ቨርና፣ ሰው ገድሎ ዓሣ የሚያጠምድ...»

«አንተስ ባለፈው እሑድ የሚስትህ ምጥ ሲመጣ ስልኩን ያነሣኸው ዓሣውን ካወጣህ በኋላ አይደል?»

ሸሪፉ ሳቁን ዋጠ።

«ኤይናር አፈፍ ነክቶ አያውቅም። አናምነውም ትሉኝ ይሆናል፤ እሺ። ኦርቪልና ትሮይ በከንፈር ይሰካሉ። ይህ ግን በጭራ ነው የተሰካው። ዛሬ በጭራ ሲሰካ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ እግሬን አላስገባሁም ብሎኛል። ታዲያ ይህ በቃታው ላይ ያለው የደም አውራ ጣት የማን ነው? ድዋይት፣ ጓንትህን አውልቅ።»

ድዋይት አላወለቀም። ዓይኑ ካልሲው የተሰጣበት እንጨት ላይ ተተክሎ ነበር።

«አዎ፣ እሱም አለ» አለች ቨርና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጨርቁ ከመጋረጃህ የተቀደደ ነው። አምና በረዶው የሳሳበት ቦታ ላይ አንተ የተከልከው ምልክት።»

«ራሴ ነበር የተከልኩት» አለ ድዋይት። «ለኮሪ ‹ቀዩን ጨርቅ እንዳታልፍ› ብዬዋለሁ። ልጄ ትእዛዝ አይጥስም ነበር። ዓመት ሙሉ ‹ለምን አለፈ?› እያልኩ... ዛሬ ጠዋት ክብሪት ልዋስ እዚህ ገባሁ። ምልክቴ ላይ ካልሲ ተሰቅሏል! ኦርቪል ‹አምና እኔ ነኝ የነቀልኩት› አለኝ፣ ‹ሰው ሁሉ ምልክቱን እያየ ጥሩው የማጥመጃ ቦታዬ ላይ ይመጣብኛል። ልጅህ ደግሞ ዓይን አልነበረውም?› አለና ሳቀ።»

ድዋይት ዓይኑን ከእንጨቱ ወደ ወለሉ መለሰ።

«በመጀመሪያው ምት አፉ ሳቁን አላቆመም፣ ደገምኩት። ከዚያ አፈፉ ላጥ አለ። ኦርቪል እግሬ ሥር እየተንፈራገጠ እኔ ዓሣ አላቀቅኩ። ሳጠምድ እንኳ አላወቅሁም፣ ቨርና።»

«እሱን አምንሃለሁ» አለች። «ኤይናር ሲደበደብ ግን አውቀህ ነው ዝም ያልከው። ጥርሱ ሲረግፍ ቆመህ አይተሃል።»

ድዋይት እጁን ለካቴናው ዘረጋ። ሸሪፉ ሲያወጣው ውጭ ያሉት ብረታቸውን አነሡ፤ ቨርና ቀድማ ወጥታ መሐላቸው ገባችና «የሚነካው መጀመሪያ እኔን ይምታ!» አለች። ያቺን አጭር ሴት መምታት ያሳፈራቸው ይመስላል፤ መንገድ ለቀቁ።

ጎጆው ውስጥ አጎትና የወንድም ልጅ ብቻ ቀሩ። ትሮይ የተላጠ ጡጫውን ከጀርባው ደበቀ።

«አጎቴ... እኔ...»

«ተወኝ» አለ ኤይናር፣ ያበጠ መንጋጋውን ይዞ። «ወሬ አልፈልግም። ለአፌ በረዶ አምጣልኝ።»

ከዳር እስከ ዳር በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ቆሞ፣ ትሮይ የት እንደሚያገኝ ግራ ገባው።