ጸጥ ያለ ክፍል ለቲሞን

ፍቅር የያዘው ሰው እንቅልፍ ያጣል ይባላል። የእኔው ሰው ግን እንቅልፍ ያጣው ገና መልኬን ሳያይ ነው፤ ያሳጣሁትም እኔው ነኝ።

ሰኞ ማለዳ ቢሮውን ከፍቼ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ሻንጣውን እየጎተተ ገባ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኑ በርበሬ የመሰለ ሰው።

«ወይዘሪት ኪንጋ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«ሆቴሉን ‹ጸጥ ያለ› ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ሥራዬ ነው። ክራኮቭን ለማየት ለሚመጣ እንግዳ ከአሮጌው ከተማ መካከል ታሪክ ያለው፣ ደስ የሚል፣ ከደጁ ሲወጡ ሁሉ ነገር በእግር የሚደረስበት ሆቴል እመርጣለሁ። ከቢሮው ባለቤት ከወይዘሮ ሃልሽካ ጋር ክፍል በክፍል እየዞርን፣ አልጋው ላይ እየተቀመጥን፣ ቧንቧውን እየከፈትን ነው የምንመርጠው። እና አንድ ሰው በጠዋቱ መጥቶ ምርጫዬን ሲያጣጥልብኝ ደሜ ይፈላል።

«ጸጥ ያለ ነው» አልኩት። «መኪና አይገባበትም። ግድግዳውም የድሮ ግድግዳ ነው፣ መድፍ አይበሳውም።»

«ጥሩንባውስ?»

«የምን ጥሩንባ?»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ዝም አለ። እኔም ምን አይቶ ይሆን ብዬ ጣቱን ተከትዬ ጣሪያውን አየሁ።

«ይኸው! አሁን! አይሰማዎትም?»

ሲነግረኝ ሰማሁ። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ በየሰዓቱ፣ ቀን የለ ሌሊት የለ፣ አንድ ሰው ወደ አራቱም ማዕዘን ጥሩንባ ይነፋል። ከአያቶቻችን አያቶች ጀምሮ ይነፋል። ምን ልበላችሁ፣ ረስቼው ነው! ያን ሆቴል ስንመርጥ ሃልሽካና እኔ መስኮቱን ወለል አድርገን ከፍተን፣ ጆሯችንን ሰጥተን፣ «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!» ተባብለናል። ያውም ማማው ከፊታችን ተገትሮ። እንዲህ ያለ ስሕተት የክራኮቭ ሰው ካልሆነ ማንም አይሳሳትም።

«እሱ እኮ ጩኸት አይደለም» አልኩ ፊቴ እየቀላ።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ሰዓት ነው።»

ሻንጣው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሳቄም ንዴቴም እኩል መጡብኝ፤ ሳቄን ዋጥኩት።

ስሙ ቲሞን ነው። የመጣው ከግዳንስክ ነው፤ የባሕር ጠረፍ ልጅ። ሥራው ፒያኖ መቃኘት ነው። አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሳምንት ሞክሮት፣ ደስ ካሰኘው በቋሚነት ሊቀጥረው ጠርቶታል። እንጀራው ጆሮው ላይ ነው፤ እንቅልፍ ያላየ ጆሮ ደግሞ ይዋሻል አለኝ። አንድ ሳምንት ካልተኛ ሥራው አለቀለት፤ ወደ ባሕሩ ይመለሳል።

«ዛሬውኑ የሚተኙበት ክፍል አገኝልዎታለሁ» አልኩት። እልህ ነው እንዲህ ያናገረኝ።

በዚያው ቀን «ሰማያዊቷ ዝይ» ወሰድኩት። የድሮ ገዳም ነው፤ ጣሪያው ቅስት፣ ግቢው የወይን ሐረግ የለበሰ። ያየው ሁሉ እፎይ የሚልበት ቤት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ተመልሶ መጣ።

«መነኮሳቱ ሄደዋል» አለ። «ደወላቸው ግን አልሄደም።»

ማክሰኞ መናፈሻው ዳር ያለው የአንድ መስፍን ቤት ገባ። የእንጨቱ ወለል እንደ ማር ያበራል። ሮብ ጠዋት መጣ። ከፎቅ ያለው እንግዳ ውሃ ሊጠጣ በተነሳ ቁጥር ጣሪያው ያቃስታል አለ።

«ወለሉ እኮ የጥንት ነው!» ጮኽኩበት። «ታሪክ ነው! ታሪክ ሲረገጥ ይጮኻል!»

«ታሪክን አልጠላሁም፣ ወይዘሪት። ቀን ቀን ቢጮኽ ነው ያልኩት።»

ሮብ ደግሞ የድሮ መድኃኒት ቀማሚ ቤት። ሐሙስ ጠዋት በሩን ሲከፍት ገና ከፊቱ አወቅሁ።

«አሁንስ ምንድን ነው?»

«ፈረሶች» አለ በለሆሳስ። «ጎሕ ሳይቀድ ጋሪዎቹ ከመስኮቴ ሥር ያልፋሉ። አንደኛው ፈረስ ደግሞ ያነክሳል።»

ፈረሱ ማነከሱን እንኳ የሚሰማ ሰው ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ሃልሽካ ከጓዳ ሆና ሳቋን ስትለቀው ሰማኋት።

ከማክሰኞ ጀምሮ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አብረን እየዞርን ክፍል እናይ ነበር። እሱ ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ይጋደማል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያዳምጣል። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ሰዓቴን ነበር የማየው። በኋላ እሱን ማየት ጀመርኩ። ጣቶቹ ደረቱ ላይ ተቆላልፈው፣ ሽፋሽፍቱ እንደ ልጅ ረጅም። አንዳንዴ ሳያስበው ዓይኑን ይገልጣል፤ እኔ ቶሎ ብዬ መጋረጃውን የምመረምር እመስላለሁ።

ሐሙስ ለት ሆን ብሎ አደባባዩን ወደሚያይ ክፍል ወሰደኝ።

«ይሄ አይሆንዎትም» አልኩ። «ማማው አፍንጫችን ሥር ነው።»

«ለእኔ አይደለም፤ ለእርስዎ ነው። ይጨፍኑ።»

«ሥራ አለብኝ።»

«ወይዘሪት ኪንጋ፣ ይጨፍኑ እንጂ!»

ጨፈንኩ። ጥሩንባው ተነፋ። ከልጅነቴ ጀምሮ በላዬ ላይ ያለፈውን ዜማ ያን ለት አዳመጥኩት፤ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ መካከል ላይ እንደተቆረጠ ክር ቆመ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ።

«ምን ሆኑ?» አለ ደንግጦ።

«ምንም። አናደዱኝ።»

መሐረብ ሰጠኝ።

ስንወጣ የፕለም አረቄ የሚሸጥ ቤት ገባን። እንደ አገራችን ደንብ ክንድ ለክንድ ቆላልፈን፣ ብርጭቋችንን ጨልጠን፣ «እርስዎ» መባባሉን እዚያው ቀበርነው። ከዚያ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ነው ደንቡ። እሱ ግን እንቅልፍ ስላላየ ይሁን ወይ አውቆ፣ ጉንጬን ሳተው።

«ይቅርታ» አለ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

«ጆሮህን ብቻ ሳይሆን ዓይንህንም ማስመርመር አለብህ» አልኩት። ከንፈሬ ግን እስክተኛ ድረስ አልበረደም።

በማግሥቱ ጠዋት ሃልሽካ ሲጋራዋን እየለኮሰች ትክ ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ ለአንድ እንግዳ ከተማውን ሙሉ ስታዞሪ የመጀመሪያሽ ነው። ጠረጴዛሽ ላይ ስንት የሚጠብቅ ሥራ አለ፤ አንቺ ትራስ ትመርጫለሽ።»

«የቢሮውን ስም ላድን ብዬ ነው።»

«አዎ፣ የቢሮውን ስም!» ብላ ሳቀች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የሆቴል ዘበኞች ሳይቀሩ ያወቁትን፣ እሱን መውደዴን፣ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ።

የሰማሁትም በክፉ ሰዓት ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ ቲሞን ቢሮ መጣ፤ አልተቀመጠም። ትልቁን ፒያኖ አዛብቶ ቃኝቶት መምህራኑ ተማሪ ፊት አፍረዋል። ሰኞ አንድ ዕድል ሰጥተውታል፤ እሱ ግን በቃኝ ብሏል።

«የእሁድ ማታውን ባቡር ትኬት ቆርጫለሁ» አለኝ።

«በእንቅልፍ ምክንያት?»

«ኪንጋ፣ ጆሮዬ እየዋሸኝ ነው። በዚህ ዓይነት ሰኞም አበላሸዋለሁ። አንቺ ለምን ወደ ግዳንስክ አትመጪም? እዚያም የድሮ ሆቴል ሞልቷል።»

«እናቴን ለማን ትቼ? ሥራዬንስ?» ድምፄ ከፍ አለ። «አንተ የሰው አገር አልጋ አልመች ስላለህ እኔ ቤቴን ልንቀል?»

«አልጋ አልመቸኝም አላልኩም። አልተኛሁም ነው ያልኩት!»

«እንግዲያው ሂድና ተኛ!»

ሄደ። በሩን ሳይወረውር፣ በቀስታ ዘግቶ ሄደ። ለድምፅ እንዲህ መጠንቀቁ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሱ ከሄደ፣ ደግሜ በዚህ ከተማ ደስ የሚል ክፍል የምመርጥበት ልብ እንደማይኖረኝ አውቄዋለሁ።

ነገሩን ለእናቴ ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም።

«እሁድ ምሳ ይምጣ» አለች። «እንዲህ ከስቶ ወደ እናቱ ቢመለስ የክራኮቭን ሰው ምን ትለናለች?»

እዚህ ላይ አንድ የማፍርበት ነገር ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ቅስትና የወይን ሐረግ የምሸጥ ሴት፣ የምኖረው ኖቫ ሁታ ነው፤ የብረት ፋብሪካው ሠራተኞች እንዲኖሩበት ተብሎ በተገተሩት ግራጫ ሕንፃዎች ውስጥ። ቆንጆ የሚባል ነገር የለውም፤ ከአሮጌው ከተማ በትራም ሩቅ ነው። ለቲሞን የምኖርበትን ነግሬው አላውቅም። እንዲያውም አንድ ቀን ቤትሽ የጥንት ቤት ሳይሆን አይቀርም ሲለኝ ዝም ብዬዋለሁ። እናቴ ግን ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ራሷ ደወለችለት።

እሁድ ሻንጣውን ይዞ፣ አበባ ታቅፎ መጣ። እናቴ የአባቴን የድሮ የቤት ጫማ አስደረገችው፤ ተረከዙ ወደ ኋላ ተርፎ ወጣ። የዶሮ ሾርባ ከነፓስታው፣ ጥብስ፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ እንደገና ሾርባ። እናቴ የወገብ ሕመሟን፣ የአሳንሰሩን ብልሽት፣ የአክስቴን ፍቺ አንድ በአንድ ታወራለታለች። እሱ በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል። እኔን አያየኝም፤ እኔም አላየውም።

«እዚህ ሶፋ ላይ አረፍ በል ልጄ፣ ሻይ ላፍላልህ» ብላ እናቴ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ተከትያት ገብቼ ሻዩን ይዤ ስመለስ ተኝቷል።

አፉን ከፍቶ፣ አንድ እግሩ ከሶፋው ወድቆ፣ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ። ጎረቤት በር ዘጋ፤ አልነቃም። ትራሙ በሩቅ ሲዞር ፉጨቱ ተሰማ፤ አልነቃም። ቆሜ ሳየው ንዴቴ እስከ ጉሮሮዬ መጣ። ገዳም ሰጠሁት፣ የመስፍን ቤት ሰጠሁት፣ የስንት ዘመን ታሪክ ያላቸውን አልጋዎች አነጠፍኩለት፤ እሱ የተኛው ከልጅነቴ ጀምሮ ባረጀው የእናቴ ሶፋ ላይ ነው!

የባቡሩ ሰዓት ቀረበ።

«ተይው» አለች እናቴ በሹክሹክታ። «ካመለጠው አመለጠው። ሰው ሳይሆን እግዜር አስቀረው ይባላል።»

ልቤ ያን ነበር የሚለኝ። ግን እያወቅሁ በእንቅልፉ ባስቀረው፣ ሲነቃ የሚያየኝ ዓይን ምን ዓይነት ዓይን ይሆናል? ሰርቄ የያዝኩት ሰው የእኔ አይሆንም። አጠገቡ ተንበርክኬ ትከሻውን ነካሁት።

«ቲሞን፣ ባቡርህ። አሁን ብትነሳ ትደርሳለህ።»

ዓይኑን አልገለጠም። እያዳመጠ መሆኑን ከግንባሩ አወቅሁ።

«ምን ይሰማሃል?» አልኩት።

«እናትሽ ሳህን እያጠበች ነው።»

«ሌላስ?»

«አንቺ ትተነፍሻለሽ።»

«ይረብሻል?»

«አይረብሽም» አለ። እጄን ፈልጎ አገኘና ጉንጩ ሥር አስገባው። «ኪንጋ፣ ከዚህ ሕንፃ የሚከራይ ክፍል አይጠፋም አይደል? ሰኞ ያን ፒያኖ ማስተካከል አለብኝ። ባቡሩ ይሂድ። አሁን ዝም በይ።»

ወዲያው መልሶ ተኛ።

እናቴ እጇን በፎጣ እያደረቀች ከበሩ ብቅ አለች። «ምን አለሽ?»

«ዝም በይ አለኝ።»

እጄን ብነጥቀው ይነቃል ብዬ ፈራሁ፤ ክንዴ ደንዝዞ የእኔ መሆኑ እስኪጠፋኝ ድረስ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባቡሩ ሄደ። ከተጋባን ቆይተናል፤ እስከ ዛሬ ድረስ ግን ቲሞን «አግቢኝ» ብሎ የጠየቀኝ ቀን የለም። ስነዘንዘው፣ ያን እሁድ ጠይቄሻለሁ እኮ ይለኛል፤ ተኝቶ!