የተፋቀው ሰፈር

ሳሎንህ ውስጥ የሰቀልከውን የመልክዓ ምድር ሥዕል ከሠዓሊው እጅ ስትገዛ፣ አንተን ደስ ለማሰኘት ከሸራው ላይ ማን እንደተባረረ ጠይቀህ ታውቃለህ? አልጠየቅህም። ማንም አይጠይቅም፤ ሰማዩ ከጠራ፣ ወንዙ ካብለጨለጨ፣ መስኩ ለዓይን ከለመለመ ገዢ ይረካል፤ የረካ ገዢ ደግሞ ጥያቄ አያበዛም።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ ዝናቡ አልፎ አየሩ በጠራበት ሰሞን፣ አንድ ተጓዥ ሠዓሊ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውንና ጥቅል ሸራውን በበቅሎ ጭኖ ከአንዲት ኮረብታማ ከተማ ደረሰ። ከተማይቱ በስም አንድ፣ በኑሮ ሁለት ነበረች፤ ላይኛው አገረ ገዥው፣ ሹማምንቱና ባለጸጎቹ በድንጋይ ቤት የሚኖሩበት፤ ታችኛው ቆዳ ፋቂዎች ከነኖራ ጉድጓዳቸው፣ ከነመወጠሪያቸው፣ ከነልጅ ልጆቻቸው ወንዙ ዳር የሰፈሩበት። ነፋስ ከወንዙ ሲነሳ ላይኞቹ መስኮታቸውን እየዘጉ «ሽቶዎቹ ተነሱብን» ይሉ ነበር፤ የተጫሙት ጫማ፣ የተቀመጡበት ኮርቻ፣ የታጠቁት ቀበቶ ከዚያው ሽታ መምጣቱን ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም።

የቆዳ ፋቂዎቹ ሽማግሌ «ሊቀ ጠረን» ይባል ነበር። ማዕረጉን የሰጠው የአገረ ገዥው ጸሐፊ ነው፤ ለስድብ። ሰውየው ግን ስድቡን እንደ ካባ ደረበው፤ ጸሐፊውን በመንገድ ባገኘው ቁጥር ባርኔጣውን አውልቆ «ጌታዬ፣ በዚህ ከተማ ደጅ ሳይጠና የተሾመ እኔ ብቻ ነኝ!» ይለው ነበር።

ሠዓሊው መጀመሪያ ያረፈው ላይኛው ከተማ ካለው የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ባለቤትየዋ የዘይት ቀለሙና የቀለም ማቅጠኛው ራሴን አዞረኝ ብላ በማግሥቱ ከነጓዙ አስወጣችው። በበቅሎው ጎን ግራ ተጋብቶ ቆሞ ሳለ ሊቀ ጠረን ቆዳ አድርሶ ሲመለስ አገኘው።

«ና ልጄ፣ እኛ ጋ እደር» አለው፤ «እኛ ቤት ሽታ አይፈራም። ያንተ ሽታ ነው የኛን ፈርቶ ጥጉን የሚይዝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» አለ ሠዓሊው፤ ሰሞኑን ሁሉ እዚያው አደረ፤ ከእነሱ ማዕድ በላ፤ ሸራዎቹም ከእርጥብ ቆዳ አጠገብ ተወጥረው ደረቁ።

ሠዓሊው ለገዢዎቹ ደጋግሞ የሚነግራቸው አንድ ቃል ነበረው፤ «እኔ ቤት ዘግቼ አልስልም፤ ውጭ ቆሜ፣ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምስለው።» ጠዋት ጠዋት ከኮረብታው ጫፍ ማቆሚያውን ይተክላል፤ የሸራውን ታችኛ ግማሽ አስቀድሞ በአረንጓዴ ይለቀልቀዋል፤ ከዚያ ሰማዩን፣ ተራራውን፣ ወንዙን ይሠራል፤ ቅርብ ያለውን፣ ማለትም የቆዳ ፋቂዎቹን ሰፈር፣ በአረንጓዴው ላይ የሚያስገባው መጨረሻ ነው። አሠራሩ ይህ ነበር፤ ነውርም አልነበረበትም። ነውሩ የመጣው ከሥዕሉ አገዛዝ ነው። የላይኛው ከተማ ሰው ሥዕል መግዛት እንደ ሹመት ሽሚያ አደረገው፤ ጎረቤቴ ሳይቀድመኝ እያለ ሥዕሉን ገና ከማቆሚያው ላይ እርጥቡን ይነጥቃል።

«ይበቃል! እዚህ ላይ ያቁሙት» አለች የአገረ ገዥው ባለቤት፣ ጥላዋን በአሽከር አስይዛ።

«እሜቴ፣ የታችኛው ገና ነው። ቤቶቹ አልገቡም።»

«የትኞቹ ቤቶች?»

ሠዓሊው በብሩሹ ወደ ወንዙ ዳር አመለከተ።

«እነዚያማ ከገቡ ሥዕሉ ሳሎኔ ውስጥ ይሸተኛል!» አለች፤ አጃቢዎቿ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሠዓሊውም አብሮ ሳቀ፤ ስሙንም በአረንጓዴው ጥግ ላይ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም «ለእኛም የእሜቴን ዓይነት» አሉት፤ ሥዕሉም እየተነጠቀ፣ ሰፈሩም ሳይገባ እየቀረ ሄደ።

አንድ ቀን ብቻ፣ ላይኞቹ አንድ ሹም ሊቀበሉ ወጥተው ኮረብታው ጭር ባለበት፣ ሠዓሊው የሚነጥቀው ጠፍቶ አንዱን ሥዕል እስከ ታች ጨረሰ። ጣሪያዎቹ፣ የኖራ ጉድጓዶቹ፣ በመወጠሪያ የተሰቀሉት ቆዳዎች፣ ሁሉም ገቡ፤ የሊቀ ጠረን ሚስት ሳትቀር ቀይ ሻሿን አስራ በርዋ ላይ ቆማ ገባች። ይህን ሥዕል በማግሥቱ ለላይኞቹ ሲያሳያቸው አንዱ አፍንጫውን ያዘ፤ ሌላው «ቆዳው ሲነሳልህ ጥራኝ» አለው። የሚገዛው ስላጣ ወደ ቤት ይዞት ወረደ።

«አባቴ፣ ይሄን እርስዎ ይውሰዱት፤ ብሩሾቼን የምይዝበት አንድ የቆዳ ኮረጆ ይበቃኛል።»

ሚስትየው እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀረበች። «እየው እስቲ፣ እኔ እኮ ነኝ! ቆሜ!» አለች። «እንውሰደው።»

ሊቀ ጠረን ግን ሳቁን ለቀቀው። «አንቺ ሴትዮ፣ ቤቱ እያለ የቤቱን ሥዕል ምን ልታደርጊው ነው? ጠዋት በሩን ስትከፍቺ ታይው የለም ወይ? ለአንቺስ እኔ በነጻ አይሽ የለም? ደግሞ ሥዕል ብሰቅል ጎረቤቱ ሹመቱ ራሱ ላይ ወጣ ይለኛል።»

እሷም ሳቀች፤ ነገሩ በዚያ አለቀ። ሠዓሊው ትከሻውን ሰበቀ። አንድ የላይኛው ከተማ እህል ነጋዴ የእሜቴን ዓይነት ሥዕል አዝዞታል፤ ሸራ ግን አልቋል፤ ስለዚህ ከግቢው ደጃፍ ተቀምጦ የተሠራውን ሰፈር በቢላዋ መፋቅ ጀመረ። ሲፍቅም ቢላዋውን አቁሞ ስለያዘው ሸራው ሊቀደድ ደረሰ።

ሊቀ ጠረን ዕድሜውን ሙሉ መጥፎ ፋቂ አይቶ ዝም ብሎ አያውቅም።

«ኧረ ልጄ፣ ኧረ! እንዲህ ካቆምከው ትበሳዋለህ። አስተኛው! ከላይ ጀምረህ ወደ ታች ሳብ፤ አትግፋ። ይሄ የጥጃ ቆዳ ማለት ነው፤ ስስ ነው።»

«ቢያሳዩኝ፣ አባቴ?»

ሽማግሌው ቢላዋውን ተቀበለው። እጁ እንደለመደው ሄደ፤ ጣሪያዎቹ ተላጡ፤ የተወጠሩት ቆዳዎች ተላጡ፤ በሩ ከነሚስቱ፣ ሚስቱም ከነቀይ ሻሿ በአንድ ስበት ወረደች። «አየህ? ጠባሳ የለው፣ ቀዳዳ የለው!» አለ፣ ሥራው አስደስቶት። ሠዓሊውም በተፋቀው ላይ አረንጓዴውን ለቀለቀበት፤ ስሙን ጻፈ፤ ነጋዴውም ገዛው።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጥቶ ሄደ። በሄደ በአራተኛው ዓመት የባቡር ሐዲድ ወደ ሸለቆው ሲቃረብ፣ አገረ ገዥው ጣቢያውንና የጣቢያውን የአትክልት ስፍራ ለማሠራት የወንዙን ዳር ፈለገው። በመካከሉ ግን አንድ አዋጅ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት በቦታው የኖረ ሰው ለባቡር ሲባል ቢነሳ ተመጣጣኝ ቦታ ይሰጠው፤ በጦርነቱ ጊዜ መጥቶ የሰፈረ ግን እንደ ወራሪ ይበተን የሚል። አገረ ገዥውም ቆዳ ፋቂዎቹ በጦርነቱ ግርግር የመጡ ፍልሰተኞች ናቸው ብሎ ላከ፤ ነገሩን የሚሰማ ዳኛም ከዋናው ከተማ መጣ።

ቆዳ ፋቂዎቹ ግብራቸውን በኮርቻና በጫማ ስለከፈሉ አንድም ደረሰኝ በእጃቸው አልነበረም። የላይኛው ከተማ ሽማግሌዎች ለምስክርነት ተጠሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን መስኮት የዘጉባቸውን ሰዎች «መቼ እንደመጡ አላስታውስም» አሉ። ቀጥሎ አገረ ገዥው የእሜቴን፣ የእህል ነጋዴውንና የሌሎቹን ሥዕሎች ከየግድግዳው አስወርዶ በችሎቱ ፊት አስደረደረ፤ ከጦርነቱ በፊት የተሳሉ፣ የተፈረመባቸው፣ በሁሉም ላይ የወንዙ ዳር ለጥ ያለ ባዶ መስክ።

ሊቀ ጠረን አልደነገጠም። ሠዓሊው በዚያው ሰሞን የባቡሩ ኩባንያ ጋብዞት ወደ ከተማይቱ ተመልሶ ነበርና ሽማግሌው ለሰፈሩ ሰው «አይዟችሁ፤ ያየውን የሚስል ሰው ያየውን ይናገራል» አላቸው። ሠዓሊው ያረፈው ያኔ ባስወጡት በዚያው የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ባለቤትየዋ አሁን የቀለሙን ሽታ የሥልጣኔ ሽታ ማለት ጀምራለች። ሊቀ ጠረን ሄዶ በረንዳው ላይ ሲስል አገኘው።

«ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣህ!»

«ማን ልበል?»

«ሊቀ ጠረን ነኛ! ቤቴ ያደርከው!»

«እ… አዎ። ምን ፈለግክ?»

ሽማግሌው «አንተ» መባሉን ሰማ፤ ሰምቶም በገዛ አፉ ወደ «እርስዎ» ወረደ። «ጌታው፣ ነገ ለዳኛው አንድ ቃል እንዲነግሩልን ነው። አረንጓዴው መስክ ሳይሆን ቀለም መሆኑን፤ ሌላ ምንም አንፈልግም።»

ሠዓሊው ብሩሹን አስቀመጠ። «ምን እያልከኝ እንደሆነ ገብቶሃል? ያላለቀ ሥዕል ሸጫለሁ ልበል? ስሜን የጻፍኩበት አልቋል ማለት ነው። ይሄን ካልኩ ከዚህ እስከ ወደቡ ድረስ ሥዕሌን የገዛ ሁሉ በጥፍሩ ይጭረዋል፤ ከእንግዲህ ማን ይገዛኛል?»

«የእርስዎን በጥፍር ይጭሩታል ጌታው፤ የኛን በዶማ ነው የሚያፈርሱት።»

«ታዲያ ያኔ ግዛኝ ስልህ ብትገዛኝ ምን ነበረበት? ዛሬ ማስረጃህ ግድግዳህ ላይ ተሰቅሎ ይገኝ ነበር!»

 ሊቀ ጠረን ይህችን ቃል ተሸክሞ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ለሚስቱም አልነገራት።

በማግሥቱ ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ዳኛው ሠዓሊውን ጠየቀ።

«እነዚህን የሳሉት በቦታው ቆመው ነው?»

«ሁልጊዜም በቦታው ቆሜ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ያላዩትን ይጨምራሉ?»

«በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምስለው።»

ያየኸውን ትተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ዳኛውም፣ ጸሐፊውም፣ በፊት ረድፍ የተቀመጡት የተማሩ ሰዎችም አልጠየቁም። ሊቀ ጠረን ሳይጠሩት ተነሳ።

«ክቡር ዳኛ፣ የነጋዴውን ሥዕል የፋቅሁት እኔ ነኝ! ቤቴ ነበረበት! ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ በዚህ እጄ ነው የፋቅኋት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አገረ ገዥው ሳይነሳ «ክቡር ዳኛ፣ ሙያው ስለሆነ ነው፤ ያየውን ሁሉ የፋቀ ይመስለዋል» አለ።

ዳኛው ፈገግታውን ዋጥ አድርጎ «እሺ፣ ቤትህ ከነበረበት ለምን ፋቅኸው?» ሲል ጠየቀ።

ሽማግሌው ሠዓሊውን አየ። ሠዓሊው ጓንቱን ያስተካክል ነበር።

«አያያዙን አላወቀበትም ነበር፣ ጌታዬ… ሲያበላሸው ማየት አላስቻለኝም።»

ከዚህ በኋላ የተነሳው ሳቅ እስከ ፍርዱ ድረስ አላባራም፤ ፍርዱም ያው ሆነ፤ ቦታው ከጦርነቱ በፊት ባዶ ነበር፤ ሰፋሪዎቹ ይበተኑ። ባልና ሚስት ወደ ሰፈራቸው ሲወርዱ እሷ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «እኔ እፈልገው ነበር።»  

ሰፈሩ ፈረሰ፤ የኖራ ጉድጓዶቹ ተደፈኑ። ጉልበት ያለው ለሐዲዱ ድንጋይ ተሸካሚ ሆነ፤ ሌላው ወንዙን ተከትሎ ማንም ወዳልጻፈው ቦታ ወረደ፤ ሊቀ ጠረን ከእነዚህኞቹ ጋር ሄደ፤ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። በቦታው ሣር ተዘራ። አትክልተኛው የትኛው አረንጓዴ ይሁን ብሎ ሲጠይቅ የእሜቴን ሥዕል አውርደው አሳዩት፤ እንግዲህ በዚያች ከተማ ሥዕል ከአገር አልተቀዳም፤ አገር ከሥዕል ተቀዳ እንጂ።

ዛሬ ያ ሥዕል ከማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም «ሸለቆው በጥንት መልኩ» የሚል ተጽፎበታል። በሠዓሊው ስም መንገድ ተሰይሟል። የከተማይቱ ታሪክ ባቡሩ «ሰው ያልነካው ለምለም መስክ ላይ» እንደደረሰ ይተርካል፤ ተማሪዎች ይሸመድዱታል፤ መምህራን ያርሙበታል፤ ሥልጡን ሰዎች ቆመው «ምንኛ ውብ ነበር!» ይላሉ። ታሪክ ያስታወሰው የሣሩን ቀለም ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ አለማወቅ አይባልም፤ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ውሸቱንም የጠበቁት መሃይማን አይደሉም።

ስለዚህ የከተማይቱ ምክር ቤት አዳራሹን ከፍቶ ሕዝቡን ይጥራ። ሰብሳቢው በዚያ ሥዕል አጠገብ ይቁሙ፤ በጽሑፍ አይደለም፣ በተወካይም አይደለም፣ በገዛ አፋቸው፣ ሁሉም እየሰማ ይመልሱ፦ እነዚያን ሰዎች የት አደረሳችኋቸው?