ያልተበሳችው ሳንቲም

ሳንቲም አዋቂው ሽማግሌ ፎቅ ላይ ባለችው የሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው መዶሻ የራሱ ነበር፤ ገዳዩ ጠርጎ ወደ ቦታው መልሶታል። ደሙ ወለሉ ላይ ደርቋል። ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ነው። ከቤተሰቡ አንድም የሚያለቅስ ሰው አልነበረም።

«ሐኪሙ ሳይመጣ ጡጫውን ማንም እንዳይነካ» አለች መርማሪዋ።

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ከኮሌታዋ ሥር መርፌ መሰካት ስለምትወድ ነው ይላሉ እሷ ፊት። ዞር ስትል ግን የወጋችውን ነገር ከወዲያ በኩል ሳትወጣ ስለማትለቅ ነው ይላሉ፤ ይኼኛው ይበልጥ እውነት ነው።

በሩ ላይ ከንጋት ጀምሮ የቆመው ፖሊስ ነገሩ አልቋል ባይ ነበር። የሟቹ እህት ልጅ ትናንት ከሰዓት የሟች እናቷን ሳንቲም ልታስመረምር መጥታ፣ እያለቀሰች ስትወጣ ታይታለች። ከእሷ ወዲያ የመጣ እንግዳ የለም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ተመልሳ ስትመጣ ደጃፉ ላይ ያዟት። ፖሊሱ ካቴናውን ከወገቡ ፈትቶ በእጁ ይዞታል።

መርማሪዋ ክፍሉን ዞራ አየች። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ብረት መጨበጫ ሞርሳ ታስሯል። ግድግዳው ላይ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ሁለት መደርደሪያ አለ፤ በላይኛው ላይ «ስህተት»፣ በታችኛው ላይ «ጉዳት» ተብሎ ተጽፏል።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» ስትል የሟቹን ታናሽ ወንድም ጠየቀችው። ከጎን ባለው ክፍል ሳንቲም ሲለይ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ትከሻው የወደቀ ሰው ነው።

«ስህተት ከሳንቲሙ ጋር አብሮ የሚወለድ ነው። ማተሚያው ሲስት፣ ወይም ብረቱ ጎድሎ ሲገባ። ጉዳት ግን ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ ሰው ያደረሰበት ነው። ስህተቱን ሰው ሁሉ ይፈልገዋል፤ ጉዳቱን ማንም አይፈልገውም።»

«በምን ይለያል?»

«የቱ እንደቀደመ በማየት ነዋ። ጭረቱ ፊደሉን ከቆረጠው ኋላ የመጣ ነው። ፊደሉ በጭረቱ ላይ ከታተመ ደግሞ ጭረቱ ቀድሞ ነበር። የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች እንደሆነ ማየት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።»

ሽማግሌው ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። «ጉዳት ነው» ያለውን ሳንቲም ባለቤቱ ፊት አስቀምጦ በምስማርና በመዶሻ ይበሳዋል። ሌላ ሰው እንዳይታለልበት ብዬ ነው ይል ነበር፤ ሲበሳ ግን የሚያየው ሳንቲሙን ሳይሆን የሰውየውን ፊት ነው። ወንድምየው የቁልፍ ማያያዣውን ከኪሱ አወጣና አሳያት፤ የአባታቸው ሳንቲም መሃሉን ተበስቶ ተንጠልጥሏል።

«በሰርጌ ቀን ነው የበሳው። እንግዶቹ ፊት» አለ። «ጋሼ ጉዳት ያለውን ሳይበሳ የመለሰበት ቀን የለም። የምስማሩ ድምፅ ከእኔ ክፍል ጥርት ብሎ ይሰማል።»

«ትናንትስ ሰማህ?»

ወንድምየው ትንሽ አሰበና አልሰማሁም አለ። የልጅቱን ሳንቲምም በዓይኔ አላየሁትም አለ።

የሟቹ ሚስት ታች ወጥ ቤት ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ባሏ ፎቅ ላይ ተደፍቶ እሷ ልጣጩን ሳትቆርጥ ታወርዳለች። ስትነሳ ቀኝ እግሯን ጎተተችው።

«ማታ አልፈለጓቸውም?» አለቻት መርማሪዋ።

«ብዙ ጊዜ እዚያው ያድራል፤ ምን ብዬ እፈልገዋለሁ?»

«ስለ ሳንቲሙስ የሰሙት ነገር አለ?»

«እኔ ስለ ሳንቲም ምን አውቄ፣ ልጄ። ልጅቱን ያየኋት ውሃ ላደርስ ገብቼ ነው። ከእናቷ የቀረላት እሱ ብቻ ነው። ግን አንድ ፊቱ ተጨፍልቆ ልሙጥ የሆነ ሳንቲም ማን ስህተት ይለዋል? እሱም ጉዳት ነው አላት፤ ልጅቱ አበደች።»

«እግርዎን ምን ሆነው ነው?»

ቢላዋው ቆመ። «ሙሽራ ሳለሁ ከደረጃ ወደቅሁ» አለችና መላጧን ቀጠለች።

የእህት ልጅ በሌላ ክፍል ቁጭ ብላለች። ግራ እጇ ላይ ስድስት ጣት አላት፤ የምትደብቀውም አይመስልም።

«ጋሼ እውነተኛ ስህተት ነው አሉኝ» አለች። «አንዷ ሳንቲም ማተሚያው ላይ ተጣብቃ ስትቀር፣ ቀጥሎ የምትመጣዋ ላይ ፊቷን ገልብጣ ወደ ውስጥ ታትመዋለች አሉ። የእኔ በአንድ በኩል ፊቱ ከፍ ያለ፣ በሌላው በኩል ያው ፊት ሰርጎ የገባ ነው። በሁለቱም በኩል ጥርት ያለ ነበር። ነገ ተመለሺ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ በእናትሽ ስም አስቀምጠዋለሁ አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አለቀስሽ?»

«ከደስታ ነዋ። እናቴ እውነተኛ ነው እንዳለች፣ ቤተሰቡም ውሸታም እንዳላት ሞተች።»

«ሌላስ የተባለ ነገር አለ?»

ልጅቱ ስድስቱን ጣቶቿን ጨበጠች። «እጄን ይዘው፣ አንቺም እንደ ሳንቲምሽ ነሽ፣ ከማተሚያ ቤት ነው እንዲህ ሆነሽ የወጣሽው አሉኝ። እትዬ ውሃ ይዘው ቆመው ነበር። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሩና...» አለችና አንገቷን ደፋች። መርማሪዋም አላስጨነቀቻትም።

ፖሊሱ ይህን ሲሰማ ሳቀ። በዚህ ቤት የሰው ሳንቲም እውነተኛ ተብሎ እንደማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል።

ሐኪሙ መጥቶ የደረቁትን ጣቶች አንድ በአንድ ፈታ። ሳንቲሙ ወጣ። በአንድ በኩል ሰርጎ የገባ ፊት አለ፤ በሌላው በኩል ያለው ፊት ተጨፍልቆ ልሙጥ ሆኗል።

«በሞርሳ የተጨመቀ ነው» አለ ወንድምየው አዝኖ። «ሁለት ሳንቲም አጋጥመው ይጨምቁና አንዱ በሌላው ላይ ይታተማል፤ ጀርባው ግን እንዲህ ይጠፋል። የለየለት ጉዳት።»

«እንዲህ አልነበረም» አለች ልጅቱ። ፖሊሱ ካቴናውን አስገባላት፤ መርማሪዋ ግን ሳንቲሙን ወደ መስኮቱ ወሰደችና በሟቹ ማጉያ መነጽር ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መርፌዋን ከኮሌታዋ ነቀለች።

ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እኔ ስለ ሳንቲም የማውቀው ዛሬ የተማርኩትን ብቻ ነው» አለች። «ሟቹ ጉዳት ያለውን ሁሉ ይበሳል። ይህን ግን አልበሳውም። የምስማር ድምፅም አልተሰማም። ስለዚህ ሟቹ ይህን ሳንቲም ጉዳት አላለውም።»

«ሳይበሳው ገድላው ይሆናላ» አለ ፖሊሱ።

«ይሆናል። እስቲ የቱ እንደቀደመ እንይ።» በመርፌዋ ጫፍ የተጨፈለቀውን ብረት ከንፈር ቀና አደረገችው። «ወደዚህ ና፣ ከሥሩ ያለው ምንድን ነው?»

ወንድምየው ማጉያውን ተቀብሎ ጎንበስ አለ። «ደም» አለ። «ደሙ ከታች ነው። ብረቱ ነው ከላይ የተኛበት።»

«ስለዚህ ሳንቲሙ የተጨፈለቀው ሰውየው ከተመታ በኋላ ነው። ወድቆ ደም ነክቶታል፤ አንድ ሰው አንስቶ በሞርሳ ጨምቆ መልሶ አስጨብጦታል፤ ልጅቱ ተናድዳ ገደለችው እንዲባል። ጉዳት ለማስመሰል መብሳት ይሻል ነበር፤ ግን ምስማር ከጎን ክፍል ይሰማል። ሞርሳ ድምፅ የለውም።» መርማሪዋ ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «ጡጫው የተፈታው አሁን ነው። ትናንት ውሃ ይዘው ሲገቡ ሳንቲሙ ገና አልተጨፈለቀም። ታዲያ ተጨፍልቆ ልሙጥ መሆኑን በየት አዩት?»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሚስትየዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ሞርሳው ውስጥ» አለች። «ይህች ልጅ የሰማችውን ሁሉ ለምን አትናገርም? ወደ እኔ ዞሮ፣ ይህቺ ግን ጉዳት ናት፣ ከማተሚያ ቤት ደህና ሆና ነው የወጣችው አለ። እግሬን የሰበረው እሱ ነው። ከዚህ ደረጃ የገፈተረኝ እሱ ነው። ዕድሜ ልኬን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይላል፤ እኔም ውሃ አቀርባለሁ። ትናንት ልጅቱ ከሄደች በኋላ ብርጭቆውን ልወስድ ተመልሼ ስገባ፣ ጎንበስ ብሎ ሳንቲሟን እያየ ነበር።»

«እሱስ ይሁን» አለ ወንድምየው። «ልጅቱ ምን አደረገችሽ?»

«እሱ ያን ሲለኝ ሳቀች።»

ልጅቱ አልካደችም። ፖሊሱ ካቴናውን ከእጇ ፈትቶ ለሴትየዋ ሲያስገባ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ቆይታ፣ የእናቷ ሳንቲም መቼ እንደሚመለስላት ጠየቀች። መርማሪዋ ከፍርዱ በኋላ እንደሆነ ነገረቻት።

«ያኔ ምን ይባላል?» አለች ልጅቱ ወደ አጎቷ ዞራ። «ስህተት ነው አይደል? ሲወለድ ስህተት ነበር።»

ወንድምየው ሳንቲሙን አየው፣ ልጅቱንም አያት። ሊዋሽላት ፈልጎ ነበር፤ ሙያው ግን አልፈቀደለትም።

«ጉዳት» አላት።

ሴትየዋ በሩ ላይ ሆና ሰማችው። ከዚያ እግሯን እየጎተተች ደረጃውን መውረድ ጀመረች፤ የታሰሩት እጆቿ መደገፊያውን ሊይዙላት አልቻሉም፣ ከቤቱም ሰው ሊደግፋት የተነሳ አልነበረም።